ስኳሩ ከእናቴ የወረስኩት ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የ27 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ግሉኮስ አጠጥተው መረመሩኝና የእርግዝና ስኳር አለብሽ ተባልኩ። ቀጭን ነኝ ጣፋጭም አላበዛም፣ ግን እናቴ ስኳር አለባት፣ እህቴም ስታረግዝ ወጥቶባት ነበር። በዘር ነው እንዴ? ልጄስ ይዞት ይወለዳል? ሰው ሁሉ "ምን በልተሽ ነው?" ሲለኝ በጣም ይከፋኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጥፋተኛ ነኝ የሚለውን ስሜት አውርጂው። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ከእንግዴ ልጁ የሚመነጩ ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን እንደ ድሮው እንዳይሠራ ያደርጉታል፣ ይሄ በሁሉም እርጉዝ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ስለዚህ ቆሽት ያንን ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ማምረት አለበት፣ አንዳንዷ ጋ ይችላል አንዳንዷ ጋ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ያቅተዋል። ውፍረትና ዕድሜም አሉበት ግን የቆሽት አቅም ላይ ዘር ትልቅ ድርሻ አለው። በብዙ ጥናት ጎልቶ የወጣው ኤምቲኤንአር1ቢ የሚባል ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የዘር መመሪያ) ነው፣ የሚገርመው የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነው ሜላቶኒን የሚያርፍበትን ተቀባይ የሚሠራ ጂን መሆኑ ነው። ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባለውም አለ፣ እሱ በዓይነት 2 ስኳርም የታወቀ ነው። እነዚህ አንድ በአንድ ሲታዩ ትንሽ ትንሽ ነው የሚጨምሩት፣ ስለዚህ እናትሽ ስላለባት የግድ አንቺም ይወጣብሻል ማለት አልነበረም።

ግን አንድ ነገር ሐኪምሽን ጠይቂልኝ። ቀጭን ሆነሽ በባዶ ሆድ የምትለኪው ከ100 እስከ 145 ሚ.ግ/ዴ.ሊ አካባቢ ከሆነ፣ ቤተሰብሽ ውስጥም ለዓመታት እንዲሁ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቆይ ስኳር ካለ፣ ጂሲኬ የሚባለው ጂን ላይ ለውጥ ሊኖር ይችላል። እሱ ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፣ ልጁ ከወረሰው ስኳርሽን በኃይል ማውረድ እድገቱን ሊቀንሰው ይችላል፣ ካልወረሰው ደግሞ ከልክ በላይ ሊገዝፍ ይችላል፣ ለዚህ ነው ማወቁ ሕክምናውን የሚቀይረው።

በተለመደው የእርግዝና ስኳር ልጅሽ ስኳር ይዞ አይወለድም። እንደተወለደ ግን ስኳሩ ዝቅ ሊልበት ስለሚችል ይለኩለታል፣ አትደንግጪ። አሁን አመጋገብሽን አስተካክለሽ በእግርሽ እየተንቀሳቀስሽ ተለኪ፣ ካልወረደና ኢንሱሊን ከታዘዘልሽ አትፍሪው፣ ወደ ፅንሱ አያልፍም ማለት ይቻላል።

ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያንን የግሉኮስ ምርመራ ድገሚው፣ ብዙዎች ስኳሩ ጠፋ ብለው እዚህ ጋ ነው የሚተዉት፣ ከዛም በኋላ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ታዪ። እህትሽስ ከወለደች በኋላ ተመርምራለች? ካልተመረመረች ዛሬውኑ ደውይላት።