ከጠርሙሱ ግርጌ የሚወርደው ጠብታ

ጥያቄ፦ በማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት በሚያመክን መሣሪያ) ያመከንነውን አጋር (ሲበርድ የሚረጋ የተህዋስያን ማሳደጊያ) ፔትሪ ዲሽ (ባለ ክዳን ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ እስክናፈስ ድረስ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ዋተር ባዝ (የሞቀ ውኃ ገንዳ) ውስጥ እናቆየዋለን። ይሁንና ናሙና ባልገባበት የመቆጣጠሪያ ሳህን ላይ አልፎ አልፎ ሁለት ሦስት ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የተህዋስያን ክምችት) ይበቅላል። አውቶክሌቩን ፈትሸን እንከን አላገኘንበትም። ጥፋቱ የዋተር ባዙ ሊሆን ይችላል? ውኃው ላይ በረኪና ብንጨምርበትስ?

መልስ፦ አውቶክሌቩ ነጻ ከሆነ፣ እኛም ቀድመን የምንጠረጥረው ዋተር ባዙን ነው። የውኃው ሙቀት ሰውን ያዘናጋል እንጂ 45 ዲግሪ የማምከኛ ሙቀት አይደለም፤ ሙቀት የሚቋቋሙትን የባክቴሪያ ስፖሮችንም አይገድልም። መሣሪያው ማታ ሲጠፋ ደግሞ ውኃው ቀስ እያለ ስለሚበርድ፣ እንደ ሲዩዶሞናስ ያሉ ተህዋስያን እንደ ልባቸው የሚራቡበት ሰዓት ያገኛሉ። በማግስቱ ጠርሙሱን ከዚህ ውኃ አውጥተው ሲያዘነብሉት፣ ግርጌው ላይ የቀረው ውኃ በጎኑ ተንሸራቶ አንገቱ ላይ ይጠራቀምና ከአጋሩ ጋር አብሮ ሳህኑ ውስጥ ይገባል። አንዲት ጠብታ ትበቃለች።

ስለዚህ ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውንና ግርጌውን በንጹሕ የወረቀት ፎጣ ያድርቁ፤ ከከፈቱት በኋላም አንገቱን በነበልባል ውስጥ ያሳልፉት። ጥርጣሬውን ለማጣራት ከአንድ ዝግጅት ሁለት ጠርሙስ ወስደው፣ አንዱን አድርቀው፣ ሌላውን እንደ ወትሮው አፍስሰው ሁለቱንም ሳህን ኢንኩቤተር (ተህዋስያን ማብቀያ ሙቅ ሣጥን) ያስገቡ፤ ችግሩ አልፎ አልፎ የሚታይ ስለሆነ ሙከራውን ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል። የውኃው ከፍታም ከአጋሩ በላይ፣ ከክዳኑ በታች ይሁን። ዝቅ ካለ አጋሩ ከላይ መርጋት ይጀምራል፤ የረጋው ቅንጣት ደግሞ ኮሎኒ መስሎ ስንቱን አታሏል፣ እኛንም ጭምር። ሳህኑን ኢንኩቤተር ከማስገባትዎ በፊት ብርሃን ላይ ይዘው ቢመለከቱት ቅንጣቱ ያኔውኑ ይታያል፤ ኮሎኒ ቢሆን ግን ገና አልበቀለም።

በረኪናውን አንመክርም፤ ክሎሪን የማይዝገውን ብረት ሳይቀር እየበላ ይቦረቡረዋል። ሶዲየም አዛይድ የሚጨምሩም አሉ፤ መርዛማ ከመሆኑም በላይ ከመዳብና ከእርሳስ ጋር ሲገናኝ የሚፈነዳ ውሁድ ስለሚፈጥር ከናካቴው ይተዉት። ይልቅ በየሳምንቱ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ውኃውን ደፍተው፣ ገንዳውን በለስላሳ ሳሙና አጥበው ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውኃ ይሙሉበት። የቧንቧ ውኃ ግን ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል።

ስለ ሙቀቱ ባይጠይቁንም አንድ ነገር እንጨምር። ፊት ለፊት የሚታየው ቁጥር የውኃውን እንጂ የጠርሙሱን መሐል አይነግርዎትም፤ በአጋሩ ልክ ውኃ የያዘ ሌላ ጠርሙስ ጎን ለጎን አስቀምጠው ቴርሞሜትር ይንከሩበት። ለአጋር የአንድ ዲግሪ ልዩነት ብዙም አይጎዳም፤ ለፊካል ኮሊፎርም (በሰገራ መበከልን የሚጠቁሙ ባክቴሪያዎች) ምርመራ ግን ከ44.5 ዲግሪ ወዲህም ወዲያም የሚፈቀደው 0.2 ብቻ ስለሆነ፣ ክዳኑ በየጊዜው የሚከፈተውን የአጋር ዋተር ባዝ ለዚያ ሥራ አይጠቀሙበት።