ሄደሩን የት ላስቀምጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ለሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር፣ ማለትም አንድን መሣሪያ የሚያሠራ ኮድ፣ እየጻፍኩ ነው። በአንድ የሲ ፋይል ጀምሬው 3 ሺህ መስመር ሲያልፍ ለአራት ከፈልኩት። አራቱ የሚጋሯቸውን ስትራክቶች (የዳታ መዋቅሮች) እና ፋንክሽኖች ደግሞ አንድ ሄደር (ሌሎች ፋይሎች የሚጠሩት የማስታወቂያ ፋይል) ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ጓደኛዬ «ሄደር ከሆነ ቦታው ኢንክሉድ/ሊኑክስ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው? ወንድማችሁ ነኝ።

መልስ፦ ኧረ እዚያ እንዳታስገባው! ያ ፎልደር የጋራ ነው። እዚያ ያስቀመጥከውን የትኛውም የከርነል ክፍል አንስቶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ አንዴ ከተጠቀሙበት ደግሞ ስትራክትህ ውስጥ አንድ ፊልድ (የዳታ ክፍል) ልቀይር ስትል የማታውቃቸው ሰዎች ኮድ ይሰበራል። ያንተን ሄደር የሚፈልጉት አራቱ ፋይሎች ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ እነሱ ካሉበት ፎልደር አይውጣ። በኢንክሉድ ስትጠራውም ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገህ ጥራው። ኮምፓይለሩ መጀመሪያ የሚያየው ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ነው፤ ኮዱን የሚያነብ ሰውም የውስጥ ሄደር መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ከርነሉ ራሱ እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ የማውንትን፣ ማለትም ፋይል ሲስተምን ከፎልደር ጋር የማያያዝን፣ ነው። ድሮ ስትራክት ቪኤፍኤስማውንት ሙሉ በሙሉ የጋራው ሄደር ውስጥ ነበር። በ2012 በወጣው 3.3 ላይ ለሁለት ተከፈለ፦ ለውጪው የሚያስፈልጉት ጥቂት ፊልዶች እዚያው ቀሩ፣ ሌላው በሙሉ ስትራክት ማውንት ተብሎ ኤፍኤስ ፎልደር ውስጥ ወዳለ የግል ሄደር ገባ። ከዚያ ወዲህ የፋይል ሲስተም ጸሐፊዎችን «የውስጡን አትንኩ» ብሎ መለመን አላስፈለገም። አያዩትማ!

ፋይል ስትከፍል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትናንት ስታቲክ (በራሳቸው ፋይል ውስጥ ብቻ የሚታዩ) የነበሩ ፋንክሽኖች ከሌላ ፋይል እንዲጠሩ ስታቲክነታቸውን ታነሳለህ፤ ያኔ ስማቸው ከመላው ከርነል ጋር ይጋራል፣ «ኢኒት» ወይም «ሪሴት» ብለህ ብቻ ከተውከው ከሌላ ሰው ፋንክሽን ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሁሉንም በድራይቨርህ ስም አስጀምራቸው። ኤክስፖርት ሲምቦል (ፋንክሽኑን ለሌሎች ሞጁሎች የሚከፍት መስመር) ግን አትጨምርባቸው! አራቱ ፋይሎች በሜክፋይሉ (በግንባታ መመሪያው) አማካይነት አንድ ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን አንድ አካል) ሆነው ስለሚያያዙ በመካከላቸው ኤክስፖርት አያስፈልግም። አንድ ፋይል ብቻ የሚጠቀምበት ነገር ደግሞ ሄደር ውስጥ ምን ይሠራል? ሲ ፋይሉ ውስጥ ይቅር።

ሄደርህ ውስጥ ሌላ ሄደር ከመጥራትህ በፊትም አስብበት። ወደ አንድ ስትራክት የሚጠቁም ፖይንተር (አድራሻ) ብቻ የምትይዝ ከሆነ የስትራክቱን ስም ማስታወቅ ይበቃል። የከርነል ገንቢው ኢንጎ ሞልናር በጥር 2022 ከ2,200 በላይ ለውጦች ያሉት የሄደር ማጽጃ ሥራ ያቀረበው እርስ በርስ የሚጠራሩ ሄደሮች ኮምፓይሉን ስላዘገዩት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከፎልደርህ ይወጣል፦ ተራ ፕሮግራሞች ድራይቨርህን የሚያዙባቸው የአዮክትል ቁጥሮችና ስትራክቶች። እነሱ ኢንክሉድ/ዩኤፒአይ ውስጥ ይገባሉ። ግን አንዴ ወጥተው ሰው ከተጠቀመባቸው መቀየር አትችልም፣ ስለዚህ ሳትቸኩል አውጣቸው።