የድሮ የአየር ጠመንጃ ሲጠገን፦ ቆዳ፣ ፕላስቲክ ወይስ ቴፍሎን?

በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠሩ የድሮ የአየር ጠመንጃዎችን ለምትጠግኑ ሁሉ «ያላችሁን ጠይቁ» ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ስለ መለዋወጫ ነው፤ በተለይ ሞላው በሚገፋው ፒስተን ጫፍ ላይ ሆና አየር እንዳያመልጥ ስለምትዘጋው ማሸጊያ። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀርመን የተሠራ ዲያና 27 አለኝ። የፒስተኑ ቆዳ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በዘመናዊ ፕላስቲክ ልቀይረው?

አትቸኩል። መጀመሪያ ዘይት ጠጥቶ ይደር። ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ከተቀደደ ወይም ካረረ ቀይረው፤ ግን በቆዳ። ልጅ ሆነን የብስክሌት መንፊያ አልነፋ ሲለን ፈተን ውስጥ ያለችውን ቆዳ ዘይት እንቀባት ነበር። ይቺም ያቺው ናት። እንደ ሲኒ ጎድጎድ ያለች ናት። አየሩ ሲጨመቅ ከንፈሯን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። የድሮ ሲሊንደር ጭረት አያጣውም፤ ክብነቱም ፍጹም ላይሆን ይችላል። ቆዳ ይህን ሁሉ ችሎ ይዘጋል። ፕላስቲክ ግን ልስልስና ትክክለኛ ሲሊንደር ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ቆዳ ልጠቀም?

ለቀበቶ የሚሆን፣ በዛፍ ቅርፊት የለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ። የጃኬት ቆዳ ይለጠጣል፣ ቅርጽ አይዝም። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ በቅርጽ ማውጫ አድርገህ በሞርሳ አጥብቀው። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከዚያ ዘይት አጠጣው። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት እያስተካከልክ ሞክረው። በእጅህ ስትገፋው ጠበቅ ብሎ ከሄደ ደርሷል።

ጥያቄ፦ ፋይንቬርክባው 124 የሚባል የአየር ጠመንጃ ገዛሁ። ብዙም ያልተተኮሰበት ነው ተብዬ ነበር። ስፈታው ግን ውስጡ ቡናማ ፍርፋሪ ሞልቶታል። ተታለልኩ?

አልተታለልሽም፣ እህቴ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠሩት የዚህ ሞዴል የፒስተን ፕላስቲኮች በዕድሜ ብቻ ይፈርሳሉ። ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም አይቀርለትም። «እንደ ፋብሪካው ይሁን» የምለው እኔ እንኳ እዚህ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ጥፋቱ የቁሱ ነውና። ፖሊዩረቴን ከሚባለው ዘመናዊ ፕላስቲክ የተሠራ አዲስ ማሸጊያ አስገቢበት። ፍርፋሪውን ግን አንድም ሳታስቀሪ ጥረጊ፣ የአየር ማለፊያዋን ቀዳዳ ጭምር።

ጥያቄ፦ ቴፍሎንስ፣ ያ የማይጣበቅ መጥበሻ የሚለበጥበት ፕላስቲክ?

ይንሸራተታል፣ ሙቀትም ይችላል። ግን እንደ ጎሚኒ ተጨምቆ አይመለስም። ለዚያው ሲሊንደር በቶርኒዮ በልክ የሚያወጣልህ ባለሙያ ከሌለ ተወው።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይት ጨምሬ ስተኩስ ጭስና ከባድ ድምፅ ወጣ። ምን ሆኖ ነው?

ዘይቱ ነድዶ ነው። አየር ባንዴ ሲጨመቅ በጣም ይግላል፤ የናፍጣ ሞተርም የሚሠራው በዚሁ ነው። ሲደጋገም ማሸጊያውን ይበላል፣ ሞላውንም ይሰብራል። ቆዳው አንዴ ከተገጠመ በኋላ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። ለፕላስቲክ የሲሊኮን ዘይት፣ እሱንም በቁጥብ። ሲሊኮን ግን ብረት ከብረት ለሚፋተግበት አይሆንም። ሞላው ላይ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ በስሱ ቀባ።

ጥያቄ፦ ጠንከር ያለ ሞላ ባስገባ አይሻልም?

አይሻልም። ጠመንጃው ይራገጣል፣ ዒላማህ ይበላሻል፣ የማስፈንጠሪያው ጥርስም ይበላል። ሕግም አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከ12 ፉት ፓውንድ (የጥይቱ ጉልበት መለኪያ ነው) ያለፈ የአየር ጠመንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ከሌላ ማሽን የወጣ ሞላ ቆርጦ ማስገባትም አይሆንም። ሽቦው ትንሽ ከወፈረ ቀለበቶቹ ቀድመው ይነካካሉ፣ ጠመንጃው አይቀባበልም። የሽቦው ውፍረት፣ የቀለበቱ ብዛትና ስፋቱ ከድሮው ጋር ይግጠም። ስትፈታም ስትገጥምም ሞላውን በመጭመቂያ ያዘው። አደራ፣ በእጅህ ብቻ አትሞክረው። ጣት ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ሁሉን ቀየርኩ፣ አሁንም ደካማ ነው።

የበርሜሉን መገጣጠሚያ እይ። እዚያ ያለችው ትንሽ ማሸጊያ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ብላ መታየት አለባት። ቆዳ ከነበረች ቆዳ፣ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) ከነበረች ኦሪንግ አድርግ። ለመፈተሽ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ መገጣጠሚያው ላይ አስቀምጥና ወደ አስተማማኝ ዒላማ ተኩስ። ሶፍቱ ከዘለለ አየሩ እዚያ ጋ ነው የሚያመልጠው። ጥይት ሳታስገባ ግን አትተኩስ፤ ፒስተኑን የሚያቆመው የአየር ትራስ ስለማይኖር ብረቱ ከብረት ይጋጫል።