ድንጋይ ለምትወዱ ልጆች፣ ከአንድ ሽማግሌ ጂኦሎጂስት

ልጆች፣ እድሜዬን ሙሉ መዶሻ ይዤ ተራራ ለተራራ ስዞር ኖሬ ምክር ስጠን ብትሉኝ ከድንጋይ ሌላ ምን ላወራ። ክፍል ውስጥ የሚነግሯችሁን ሶስቱን የአለት አይነቶች፣ ቀልጦ ቀዝቅዞ የጠጠረ፣ ከደለል የተሰራ፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ፣ እሱን ሸምድዱት ፈተና ላይ ይመጣል። እኔ የምላችሁ ግን ለመንገድ ስራ በኤክስካቫተር የተቆረጠ ኮረብታ ፈልጉና ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ደሞ ፎቶ አንስታችሁ አትሂዱ፣ በእርሳስ ሳሉት፣ አይን የሚያየው እጅ ሲስል ነው።

ጎንደር ወይ ደሴ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ባዛልት የምንለው፣ ከ30 ሚሊዮን አመት ገደማ በፊት በመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ የወጣ ላቫ ነው የነበረው። ቁርጡን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ቡናማ አፈር መሀል ክብ ክብ ጥቁር ድንጋይ ተሰክቷል፣ ዙሪያውን በጣታችሁ ብትነኩት እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ማንም አላንከባለለውም እኮ! የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ትንሽ አሲድ ይሆናል፣ በስንጥቁ ይገባና ማዕድናቱን ቀስ እያለ ሸክላ አፈር ያደርጋቸዋል፣ ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል፣ ቡናማ የሆነው ለዛ ነው፣ ጠርዙ ደሞ ከሁለት ከሶስት በኩል ስለሚጠቃ ቀድሞ ያልቅና መሀሉ ክብ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሲሆን ድንጋዩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚምታታበት። መበስበስ አንድ ስራ ነው፣ ተጠርጎ መሄድ ሌላ ስራ ነው፣ ሁለቱንም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ስለሚሰራቸው ነው አንድ የሚመስሉት።

ሁለቱን ተራ በተራ ማየት የፈለገ ሐረር ሲሄድ ባቢሌ ጋ ዳካታ ሸለቆ ይሂድ፣ ትልልቅ የግራናይት ድንጋይ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ የሚያሰኝ። ማን ቆለለው ይላል ሰዉ። ግራናይቱ መጀመሪያ በየስንጥቁ በሰበሰ፣ ከዛ የላላውን ጎርፍና ንፋስ ጠረገው፣ ጠንካራው ቀረ፣ በቃ። ግራናይት ማዕድንና አለትን ለመለየትም አሪፍ ነው፣ አለቱ ድንጋዩ ራሱ ነው፣ ማዕድናቱ እሱን የሰሩት ናቸው፣ መስታወት የሚመስለው ግራጫው ኳርትዝ፣ ነጣ ወይ ሮዝ ያለው ፌልድስፓር፣ የሚያብለጨልጨው ማይካ፣ ሁሉም በአይን ይታያል። ፌልድስፓሩ ሸክላ ይሆናል፣ ኳርትዙ ግን እምቢ ስለሚል አሸዋ ሆኖ ወንዝ ዳር ታገኙታላችሁ።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን አባይ በረሃን ስትወርዱ ደሞ እባካችሁ አትተኙ። ላይ ባዛልቱ፣ ዝቅ ሲል አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዛ የኖራ ድንጋይ፣ ከሱ ስር ጀሶ፣ ታች ድልድዩ አካባቢ ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩና ጀሶው በዳይኖሰር ዘመን አገሩ ባህር ስለነበረ ነው የመጡት። መኪና ከቆመ ስባሪ አንሱና አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ ከተንተከተከ ኖራ ነው፣ ዝም ካለና በጥፍር ከተጫረ ጀሶ ይሆናል።

ያን ሁሉ ሸለቆ የቦረቦረው ወንዙ ነው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ፣ መሬቱ ከፍ እያለ ሲሄድ እሱ ወደ ታች እየቆረጠ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፣ ግንዱስ ግንድ ነው፣ እኔን የሚያናድደኝ አፈሩ ነው፣ አንድ ሴንቲሜትር አፈር ለመሆን መቶ አመታት የሚፈጅ ነገር እርከን የሌለው ማሳ ላይ ባንድ ክረምት ተጠርጎ ድሮ ሱዳን ሮዛሪስ ግድብ ውስጥ፣ አሁን ደሞ በአብዛኛው ህዳሴ ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል።

ክረምት ሲመጣ ይቺን ሞክሩ፣ ባዶ ሃይላንድ ላይ የመንገድ ዳር ጎርፍ ቅዱና መስኮት ላይ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደቃቁ ቆይቶ፣ ሸክላው ግን በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ነው፣ ብዙ ርቆ የሚሄደው እሱ ነው። የሁለት ሰፈር ጎርፍ ጎን ለጎን ብታስቀምጡማ የየትኛው ማሳ እየሄደ እንደሆነ ትለያላችሁ። ብቻ ከወንዝ እንዳትቀዱ፣ ከቦይ ይበቃል፣ ዝናቡም ካባራ በኋላ።