መልስ፦ ፍሬንድስተርን ምን ገደለው?

ሰላም ወንድሜ። «ፍሬንድስተር ከፌስቡክ ቀድሞ ሚሊዮኖችን ይዞ ለምን ተዘጋ?» ብለሃል። ፍሬንድስተር ሰዎች ከወዳጆቻቸው ጋር የሚገናኙበት ማኅበራዊ ድረ ገጽ ነበር። ብዙ ሰው ጥፋቱን በፌስቡክ ያሳብባል፤ ሕመሙ ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. ሰው ሲጎርፍበት፣ የአንድን ሰው ገጽ በከፈትክ ቁጥር ሲስተሙ አንተና እሱ በማን በማን በኩል እንደምትተዋወቁ እስከ አራተኛ ደረጃ ያሰላ ነበር፤ ጓደኛህ አንደኛ ደረጃ፣ የጓደኛህ ጓደኛ ሁለተኛ ደረጃ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ሰው 100 ጓደኛ ቢኖረው፣ አራተኛው ደረጃ ላይ 100 ሚሊዮን መንገድ ይደርሳል። ሰርቨሮቹ፣ ማለትም ገጾቹን የሚያቀርቡት ኮምፒውተሮች፣ አልቻሉትም፤ አንድ ገጽ ለማየት እስከ 40 ሰከንድ የሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። ስሌቱን አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ ወይም ደረጃውን መቀነስ ይቻል ነበር፤ ኃላፊዎቹ ግን አዳዲስ አገልግሎት መጨመሩን አስቀደሙ። በዚያው ዓመት ማይስፔስ የተባለ ተፎካካሪ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሲመጣ አሜሪካዊው ተጠቃሚ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

መውጣት ደግሞ ይጋባል። 30 ጓደኛ የነበረው ሰው 27ቱ ሲሄዱበት ገጹን ቢከፍት የሚያነበው የለም፤ እሱም ሲወጣ የቀሩት ሦስቱ አንድ ሰው ይጎድልባቸዋል። ሁለት ሦስት ወዳጅ ብቻ ያላቸው አባላት የበዙበት መረብ ክሩ እንደተመዘዘ ሹራብ ቶሎ ይተረተራል። ስለዚህ የተመዝጋቢው ብዛት አያታልልህ፤ አንድ አባል ስንት ንቁ ጓደኛ እንደቀረው ነው መታየት ያለበት።

ፍሬንድስተር በፊሊፒንስ፣ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ግን ዓመታት ቆየ። በ2009 የማሌዥያ ኩባንያ ገዛው፣ በ2011 ወደ ጌም መጫወቻ ቀየረው። የሰዉ የቆየ ፎቶና ጽሑፍ ያኔ ተሰረዘ፤ እጅግ የሚያሳዝነውም ይሄ ነው። በ2015 አገልግሎቱ ቆመ።