የባሱቶና የቦር ድንበር አጥንቼ ምን ሥራ አገኛለሁ?

አንዲት የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የመመረቂያ ጽሑፌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባሱቶዎች (የዛሬዋ ሌሶቶ ሕዝብ) እና በጎረቤቶቻቸው በቦር ሰፋሪዎች (በብዛት ከደቾች የተወለዱ ነጭ ገበሬዎች) መካከል ስለነበረው የድንበር ግጭት ነው። ቤተሰቦቼ ‹ይሄ ምን እንጀራ ይሆንሻል?› ይሉኛል። ርዕስ ልቀይር ወይ?»

እህቴ፣ እቅጩን ልንገርሽ። ስለ ባሱቶ ስላወቅሽ ብቻ የሚቀጥርሽ መሥሪያ ቤት የለም። ርዕሱን ግን አትተይው። የላክሽልኝን ንድፍ አየሁት፤ ምዕራፎችሽ በሙሉ ውጊያ ናቸው። በ1858 ማን አጠቃ፣ በ1865 የቦሩ አዛዥ ሎው ዌፕነር ታባ ቦሲዩ አምባ ላይ እንዴት ሞተ... ደስ ይላል፣ ይነበባል። ሥራ ፍለጋ ስትወጪ የሚጠቅምሽ ግን የድንበሩ መስመር ነው።

እስቲ መስመሩን ብቻ ተከተይው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦሮች ከ1830ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ከነበረው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ከኬፕ እየመጡ፣ ዛሬ ሌሶቶን ከደቡብ አፍሪካ በሚያዋስነው በካሌዶን ወንዝ አካባቢ ከብት አሰማሩ። የባሱቶው ንጉሥ ሞሽዌሽዌ ለጊዜው ብለው ፈቀዱላቸው። በባሱቶ ልማድ መሬት አይሸጥም። ሰፋሪዎቹ ግን የግላችን ነው አሉ። በ1843 የኬፕ ገዥ ናፒየር ከንጉሡ ጋር ተዋዋለ (የመቅደላው ናፒየር አይደለም፤ ጽሑፍሽን በፈታኞች ፊት ስታቀርቢ እንዳትቀላቅዪያቸው!)። ያ ውል ከካሌዶን ማዶ ያለውን መሬት ጭምር የባሱቶ ነው ብሎ ተቀበለ። በ1849 የእንግሊዙ ሹም ሻለቃ ዋርደን ሌላ መስመር አሰመረ፤ ብዙ የባሱቶ መንደሮች ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። እንግሊዞች በ1854 ከካሌዶን ማዶ ያለውን አገር ጥለው ሲወጡ ኦሬንጅ ፍሪ ስቴት የሚባለው የቦሮች አገር ተመሠረተ፤ ጭቅጭቁንም ወረሰ። ከዚያ ጦርነት፣ ውል፣ እንደገና ጦርነት። የ1866ቱ ውል ከባሱቶዎች የእርሻ መሬት ከግማሽ በላይ ወሰደ። ንጉሡ የእንግሊዝን ከለላ ለመኑ፤ መጋቢት 1868 ተሳካላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመሞታቸው አንድ ወር በፊት መሆኑ ነው። በ1869 አሊዋል ኖርዝ በምትባል ከተማ የተፈረመው ውል የዛሬዋን ሌሶቶ ምዕራባዊ ድንበር በአብዛኛው ወሰነ፤ የካሌዶን ማዶው ለም መሬት በፍሪ ስቴት እጅ ቀረ። ጉዳዩ አሁንም አልተዘጋም። በ2023 የሌሶቶ ፓርላማ መሬቱ ይመለስ የሚል ሐሳብ ቀርቦለት ተከራክሮበታል።

አሁን ወደ እንጀራው። የውል ጽሑፍ አንብቦ «ከዚህ ወንዝ መገናኛ እስከዚያ ኮረብታ» የሚለውን ካርታ ላይ የሚያገኝ ሰው ተፈላጊ ነው። ድንበር የሚያካልሉ ኮሚሽኖች ችካል ከመትከላቸው በፊት የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2007 የድንበር ፕሮግራም ጀምሯል፤ ቢሮውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ኅብረቱን የቀደመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል አገሮች በ1964 ካይሮ ላይ ነፃ ሲወጡ የነበራቸውን ድንበር ለማክበር ተስማምተዋል። ስለዚህ የድሮ ውሎች ዛሬም ከመዝገብ ይወጣሉ።

እኔ ብሆን የ1843ን፣ የ1849ን፣ የ1866ን እና የ1869ን መስመሮች አራት ካርታ ላይ አሰፍራለሁ። ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃ ነው። ካቃተሽ ከጂኦግራፊ ክፍል አንድ ጎበዝ ልጅ ቡና ጋብዢ። ሲቪሽ ላይም «የባሱቶ ታሪክ አጥንቻለሁ» ብለሽ አትለፊ። «አራት የድንበር መስመሮችን ከጽሑፍ ወደ ካርታ ቀይሬያለሁ» በይ። ቀጣሪው ካርታዎቹን ላሳይህ ስትይው ቀና ብሎ ያይሻል።

ፈረንሳይኛም ጀምሪ። ከ1833 ጀምሮ ባሱቶ ዘንድ የኖሩት ሚሲዮናውያን ከፓሪስ የመጡ ናቸው፤ አንዱ፣ ካዛሊስ፣ የሞሽዌሽዌን የውጭ ደብዳቤዎች ይጽፍ ነበር። ሪፖርታቸው በፈረንሳይኛ ነው። ኅብረቱም ፈረንሳይኛ ይሠራበታል። የፍሪ ስቴት መዝገቦች በደች ናቸው፤ እሱን ግን ተይው፣ ጊዜ የለሽም። ገደቡን በመግቢያሽ ላይ ጻፊና እለፊ።

ኅብረቱ ጋ ቶሎ ቋሚ ቅጥር አትጠብቂ። መጀመሪያ ኢንተርንሺፕ ወይም አጭር ኮንትራት ሞክሪ፤ ጎን ለጎን ቤተ መዛግብትንና የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቶችን ጠይቂ። ማስታወቂያውን ከኅብረቱ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ተከታተይ። «ገንዘብ ክፈይና አስገባሻለሁ» የሚል ደላላ ከገጠመሽ ስልኩን ዝጊበት።