«ደንቆሮ ብቻ ነው ያልኩት»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ማታ ከሥራ ገብቼ በስልኬ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስለ ፖለቲካ እከራከራለሁ። ሰሞኑን አንዱን «ደንቆሮ» አልኩት፤ ብሔሩን ግን አልነካሁም። ስለማላውቀው ቂምም የለብኝም። በፍልሰታ ልቆርብ አስቤአለሁ፤ ይህ ይከለክለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ጾሙና ስለ ዝግጅቱ የምታውቀውን አልደግምልህም። «ስለማላውቀው ቂም የለብኝም» ያልከውን ግን ከብዙዎች ሰምቼዋለሁ።

ሃይገር ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው በሐሳብ ቢለይህ ትከራከረዋለህ። ግን ድካሙን ፊቱ ላይ ታያለህ፤ ስትወርድም «ደህና ግባ» ትለዋለህ። በስልክህ የምታየው ስም ነው። ከስሙ ዘሩን ትገምታለህ፤ ከዘሩ አቋሙን ትገምታለህ፤ በመጨረሻ መልስ የምትሰጠው ለራስህ ግምት ነው። ተመልካችም አለ፤ ስድቡ በመረረ ቁጥር ላይኩ ይዘንብልሃል። እኔም አንድ ምሽት ለአንዱ የጻፍኩትን ሳልልከው መልሼ አንብቤ በራሴ አፍሬአለሁ።

ብሔሩን ስላልነካህ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ላይጠይቅህ ይችላል። ወንጌል ግን ያችኑ ያንተን ቃል ጠርቶ ይይዝሃል፦ «ደንቆሮ የሚለውም ሁሉ የገሃነመ እሳት ፍርድ ይገባዋል» (ማቴ. 5፥22)።

«ለእውነት ብዬ ነው» ትለኝ ይሆናል። ወር በገባ በ12 የምትዘክረው ቅዱስ ሚካኤል ስለ ሙሴ ሥጋ ሲከራከር እውነት ከእርሱ ጋር ነበረች፤ ባላጋራውም ራሱ ዲያብሎስ ነበር። እንዲያም ሆኖ «ጌታ ይገሥጽህ» አለው እንጂ ስድብ አልደፈረም (ይሁዳ 9)። አንተ የሰደብከው በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ምናልባትም ሁለት ብሎክ አልፎህ የሚኖር፣ ጠዋት አብራችሁ መኪና የምትጠብቁ።

ስለ አገርህ አትከራከር አልልህም። ለንስሐ አባትህ ስትናዘዝ ግን «በቃል በደልኩ» ብለህ አታድበስብስ፤ ቃሉን ራሱን ንገራቸው። ሰውየውን የት አገኘዋለሁ ካልክ፣ በሰደብክበት ቦታ ታገኘዋለህ። የጻፍከውን ደምስሰህ ብቻ አትጥፋ፤ ይህ ማስረጃ መደበቅ ነው። በሰው ፊት ሰድበኸዋልና በሰው ፊት ጻፍለት፦ «በሐሳብህ አሁንም አልስማማም፤ ደንቆሮ ያልኩህ ግን በደል ነው፤ ይቅር በለኝ»። መልሶ ቢሰድብህ ዝም በል። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ የሚሉት ለዚህም ጭምር ነው። ዛሬ ማታ አድርገው፤ ስለ ቁርባኑ የንስሐ አባትህ የሚሉህን ስማ።